«ፍቱን»፦ የሕክምና ጸሐፊዎች የጽሑፍ ቅብብልና የምስክርነት ቃል ታሪክ

መግቢያ

በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍትን የሚያነብ ሰው ከጥቂት ቅጠል በኋላ የአጻጻፉን ሥርዓት ይለምደዋል። መጀመሪያ የሕመሙ ስም ይመጣል። ቀጥሎ የዕፁ ስም፣ ሥሩ ወይም ቅጠሉ እንደሚወሰድ፣ እንዴት እንደሚወቀጥና በምን እንደሚለወስ፣ በመጨረሻም ለሕመምተኛው እንዴት እንደሚሰጥ ይነገራል። ትእዛዙ ሲያበቃ ብዙ ጊዜ አንዲት ቃል ትከተላለች፤ «ፍቱን»። በአማርኛው «ፍቱን ነው»፣ በግዕዙ «ፍቱን ውእቱ» ይባላል። ከዚያ ጸሐፊው ወደ ሌላ ሕመም ያልፋል።

ይህች ቃል ከመድኃኒቱ ቅመማ ጋር ምንም ግንኙነት የላትም። ለሕመምተኛውም የተጻፈች አይደለችም፤ መጽሐፉ ከባለቤቱ እጅ አይወጣምና። አንድ ባለሙያ ከባልንጀራው ያገኘውን ጽሑፍ ለሚቀጥለው ባለሙያ ሲያስተላልፍ «ይህን ያለ ሥጋት ያዘው» የሚልባት ማኅተም ናት። የሕክምና ጸሐፊዎች አንዱ የሌላውን ጽሑፍ መቅዳት፣ ማሳወቅና ማወደስ የጀመሩት የኅትመት መሣሪያና መጽሔት ከመምጣታቸው እጅግ ቀድሞ ነው። ይህን ቅብብል የተሸከሙት ደግሞ እንዲህ ያሉ አጫጭር የቋንቋ ልማዶች ናቸው።

አንድ የሕክምና ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሦስት ጥያቄዎች አብረውት ይሄዳሉ። ጽሑፉ የማን ነው? ተፈትኖ ሠርቷል ወይ? ለቀጣዩ አንባቢ በየትኛው ቋንቋ ይደርሳል? ከዚህ በታች የሚቀርበው ታሪክ እንደሚያሳየው፣ እያንዳንዱ የቅብብል ሥርዓት ከሦስቱ አንዱን አጥብቆ ይዞ ሌላውን ጥሏል። የኢትዮጵያ የመድኃኒት መጻሕፍት ፈተናውን መዝግበው ስሙን ተዉ፤ ኋላ የመጡት መጽሔቶች ስሙን አንግሠው ቋንቋውን ተዉ። የተተወው ነገር ምን እንደ ነበረ ለይቶ ማሳየት በአብዛኛው የቋንቋ ሊቃውንት ሥራ ሆኖ ቀርቷል። (የዓመታቱ አቆጣጠር እንደ ጎርጎርዮስ ነው።)

1. ፈታኙ የጠፋበት ቅጽል

«ፍቱን» ከግዕዙ ግስ «ፈተነ» የወጣ ነው። አሠራሩ እንደ «ቡሩክ»፣ «ስውር» እና «ክቡር» ሲሆን፣ መሠረታዊ ትርጉሙም «የተፈተነ» ነው። ቃሉ በባሕርዩ ተደራጊውን እንጂ አድራጊውን አይጠራም። «ፍቱን ነው» የሚል ሰው ፈተና መደረጉን ይናገራል፤ ማን፣ በማን ላይ፣ መቼና የት እንደ ፈተነ ግን አይናገርም። ቀጂው ራሱ ፈትኖት ይሁን ወይም ከቀዳበት መጽሐፍ እንዳለ ገልብጦት ይሁን ከቃሉ መለየት አይቻልም። የምስክርነቱ ብርታትም ድክመትም ከዚህ የመነጨ ነው። ማንም ቀጂ ሳይዋሽ ሊደግመው ስለሚችል ቃሉ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ በቀላሉ ይሻገራል፤ ይሁን እንጂ በተሻገረ ቁጥር ከምስክሩ እየራቀ ይሄዳል።

የስሙ መቅረት ከሰዋስው ብቻ የመጣ አይደለም። የመድኃኒት ዕውቀት በምስጢር የሚያዝ ሀብት ነበር። አባት ለመረጠው ልጁ ያወርሰዋል፤ መምህር ለታመነ ተማሪው ይገልጠዋል፤ አንዳንዴም በገንዘብና በመሐላ ይለወጣል። የተገለጠ መድኃኒት ኃይሉን ያጣል የሚለው እምነትም ምስጢሩን አጥሮ ጠብቆታል። በዚያ ላይ ደብተራው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ሆኖ ሳለ፣ ዕፅ የሚቆርጥና አስማት የሚደግም በመሆኑ በአንድ ወገን ሲፈለግ በሌላ ወገን ሲጠረጠር ኖሯል። የመድኃኒቱ ትእዛዝና የአስማቱ ጸሎት በአንድ ጥራዝ ጎን ለጎን በሚገኙበት ሁኔታ፣ «ይህን የሰጠኝ እገሌ ነው» ብሎ መጻፍ ለሰጪው ሁልጊዜ ውለታ አይሆንም ነበር። መጽሐፉ ሲሸጥ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም ይገባበታል። እንዲህ እየሆነ ጽሑፉ ሲኖር ሰዎቹ ከገጹ ይወርዳሉ።

ሆኖም የቅብብሉ አሻራ ጨርሶ አልጠፋም። ለአንድ ሕመም ብዙ መድኃኒት ተከታትሎ ሲጻፍ እንደ «ወዓዲ»፣ «ዳግመኛ» እና «ሌላ» ያሉ አያያዦች መካከላቸው ይገባሉ። እነዚህ ቃላት የጸሐፊው መጽሐፍ ከአንድ ምንጭ ያልተቀዳ፣ ከብዙ እጅ የተለቃቀመ መሆኑን ሊጠቁሙ ይችላሉ። በአንድ ገጽ ላይ የሚታየው የግዕዝና የአማርኛ መፈራረቅም እንዲሁ ነው። አርእስቱ በግዕዝ ሆኖ ትእዛዙ «ወቅጠህ»፣ «ለውሰህ»፣ «አጠጣ» በሚል በሁለተኛ መደብ አማርኛ ሲቀጥል፣ አንባቢው የሚሰማው አንድ ባለሙያ ሌላውን በአጠገቡ አስቀምጦ ሲያስተምረው ነው።

2. በባግዳድ፦ ስም የሚጠራ ቅብብል

የዚህን ልማድ ልዩነት ለማየት ስም መጥራትን ሥርዓት ካደረገ ሌላ የሕክምና ጽሑፍ ባህል ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው የንስጥሮሳውያን ወገን ክርስቲያን ሐኪምና ተርጓሚ ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ፣ የጋሌኖስን ሥራዎች የሚዘረዝር አንድ መልእክት ጽፏል። በዝርዝሩ 129 ሥራዎች ይገኛሉ። ሑነይን ስለ እያንዳንዱ ሥራ ወደ ሱርስት ወይም ወደ ዐረብኛ የመለሰው ማን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደ ተተረጐመና ትርጉሙ ምን ያህል እንደሚታመን ይገልጻል። የራሱን የወጣትነት ትርጉም ሳይቀር ይነቅፋል። በሕክምና ጽሑፍ ታሪክ አንድ ባለሙያ የሌሎችን ሥራ ለባልንጀሮቹ በዝርዝር ካሳየባቸው ጥንታውያን ሰነዶች አንዱ ይህ ነው።

ከእርሱ በኋላ የመጣው አር-ራዚ ደግሞ «አል-ሐዊ» በሚባለው ግዙፍ ሥራ ሌላ መንገድ ተከትሏል። «አል-ሐዊ» ሐኪሙ ዕድሜውን ሙሉ ያሰባሰበው የንባብና የልምድ ማስታወሻ ሲሆን፣ ከሞቱ በኋላ የተደራጀ ነው። በውስጡ የቀደሙት ሊቃውንት ቃል በየስማቸው ይጠቀሳል። ጸሐፊው የራሱን አስተያየት ሲጨምር «ሊ» የምትል አጭር ቃል ያስቀድማል፤ «የእኔ» ማለቱ ነው። የግዕዝ አንባቢ ቃሏን ከ«ሊተ» ጋር በቀላሉ ያዛምዳታል። በዚህች አንዲት ክፍለ ቃል የተጠቀሰውና የጠቃሹ ቃል ተለያይቶ ይቆማል፤ ምስጋናውም ወቀሳውም ባለቤት ያገኛል።

የዐረብኛው የመድኃኒት ጽሑፍ ለ«ፍቱን» አቻ የሆነ ቃልም አለው፤ «ሙጀረብ» ይላል፤ «የተሞከረ» ማለት ነው። በላቲንና በአውሮፓ የቤት ውስጥ የመድኃኒት መዛግብት መጨረሻ ላይም «ፕሮባቱም ኤስት»፣ ማለትም «ተፈትኗል» የሚል ቃል ይጻፋል። ሦስቱም አድራጊውን የማይጠሩ የተደራጊነት ቅርጾች ናቸው። መመሳሰሉ ብቻውን የውሰት ማስረጃ አይሆንም፤ አንድ ዓይነት ሥራ አንድ ዓይነት ቃል ሊወልድ ይችላልና። የሚለያዩት በአካባቢያቸው ባለው ነገር ነው። ከ«ሙጀረብ» አጠገብ የሊቅ ስም መጥራት የተለመደ ነበር። «ፍቱን» ግን አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ቆማለች።

3. በዕፅ ስም የተጻፈ ውለታ

በአውሮፓ የኅትመት መጽሔት ሲጀመር ስም የቅብብሉ ዋና ገንዘብ ሆነ። በ1665 በለንደን መታተም የጀመረው «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የሊቃውንትን ደብዳቤ ከስማቸው ጋር ለሕዝብ አደረሰ። በ1733 የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው የኤዲንብራ የሕክምና ድርሳናት ስብስብ ደግሞ፣ የተላኩለትን ጽሑፎች ለጉዳዩ ቅርብ ለሆኑ አባላት እየሰጠ ያስመረምር ነበር፤ መርማሪው ማን እንደ ሆነ ግን ለጸሐፊው አይነገርም። ይህ ሥርዓት ከኢትዮጵያው ጋር ሲነጻጸር የመስተዋት ምስል ይመስላል። በኤዲንብራ የጸሐፊው ስም ይታያል፤ የፈታኙ ስም ይሰወራል። በመድኃኒት መጻሕፍቱ ጸሐፊው ተሰውሮ የሚናገረው ፈተናው ነው።

ሁለቱ ሥርዓቶች የተገናኙበትን ሁኔታ የኮሶ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ኮሶ ለትል መድኃኒትነቱ በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የተፈተነ ዛፍ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ሲያስተዋውቅ፣ በእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም «ባንክሲያ» ብሎ ሰየመው። በ1791 ግመሊን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በኮኒግስበርግ ለነበረው የመድኃኒት ቀማሚ ለሐገን ክብር «ሐገኒያ» አለው። ቆይቶ ደግሞ ኩንት፣ መድኃኒቱን በቁስጥንጥንያ ላወቀው ሐኪም ለብራየር መታሰቢያ «ብራየራ» የሚል ስም ሰጠው። ሊቃውንቱ በአንድ ዛፍ ላይ አንዱ ሌላውን ሦስት ጊዜ አመሰገኑበት። ዛሬ ጸንቶ ያለው «ሐገኒያ አቢሲኒካ» የሚለው ስም ነው። በዚህ ስም ውስጥ ቀማሚው ሐገን ከነስሙ ቆሟል፤ መድኃኒቱን ፈትነው ያቆዩት ሰዎች ግን ሁሉም ተጠቃልለው «አቢሲኒካ» በሚለው ቅጽል ውስጥ ገብተዋል። በአውሮፓ የመድኃኒት ንግድ ውስጥ ሳይለወጥ የተሻገረው «ኮሶ» የሚለው ቃል ራሱ ብቻ ነበር።

4. ደብተራው በሌላ ሰው መጽሐፍ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢትዮጵያ የመድኃኒት ጽሑፍ በውጭ ሊቃውንት አማካይነት መታተም ጀመረ። በአዲስ አበባ በ1910 መድኃኒት ቤት የከፈተው የጆርጂያ ተወላጅ ሜራብ፣ በ1912 በኢትዮጵያ ስላሉ ሐኪሞችና ስለ ሕክምና በፈረንሳይኛ መጽሐፍ አሳትሟል። በ1930 ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በፓሪስ የሥነ ሰብ ተቋም በኩል ለኅትመት አበቃ። የመጽሐፉ ርእስ ሲተረጐም «የአንድ ሐበሻ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ» የሚል ነው። በዚያ ርእስ ውስጥ «አንድ» የምትለው ቃል ልትጤን ይገባል። የደብተራው ሥራ ለዓለም ታየ፤ በሽፋኑ ላይ ግን ደብተራው የመላ ባልንጀሮቹ ናሙና ሆኖ ቀረበ። ባለመድኃኒቱ በራሱ ባህል ስሙን የሰወረው ምስጢሩን ለመጠበቅ ነበር። በአዲሱ ባህል ምስጢሩ ተገለጠ፤ ስሙ ግን ከምስጢሩ ጋር አብሮ አልወጣም።

ለቋንቋ ጥናት ከሁሉ በላይ የጠቀመው የፖላንዳዊው ሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ የስቴፋን ስትረልሲን ሥራ ነው። ስትረልሲን የኢትዮጵያን የሕክምና ድርሳናት በ1968 በዋርሶ ካሳተመ በኋላ፣ በ1973 በኔፕልስ ስለ ዕፅዋት ስምና ጥቅም ያደረገውን ጥናት አወጣ። ሁለተኛው ሥራ ያስፈለገበት ምክንያት ለቃላት አጥኚዎች ግልጽ ነው። በድርሳን የተጻፈ የዕፅ ስም ዕፁን ለማወቅ ብቻውን አይበቃም። አንድ ስም በአንድ አውራጃ ለአንድ ዕፅ፣ በሌላው ለሌላ ዕፅ ይውላል፤ አንድ ዕፅም ብዙ ስም ይኖረዋል። ስለዚህ ጽሑፉን የሚያስተካክል ሰው ከብራናው ወጥቶ ተናጋሪውን መጠየቅ አለበት። ይህን የማያደርግ አርታኢ ለአንባቢው የሚሰጠው ሌላ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

5. እንግሊዝኛ፣ ሉጋንዳና አንድ የአማርኛ ቃል

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሐኪሞች የጽሑፍ ማኅበር የራሱን መድረክ ያገኘው «የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት» በ1962 ሲመሠረት ነው። የመጽሔቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ሐኪሞቹ ከብዙ አገር የመጡና በብዙ ቋንቋ የተማሩ ስለ ነበሩ ምርጫው ምክንያታዊ ነበር፤ ጽሑፋቸውም ከናይሮቢ እስከ ለንደን ሊነበብ ቻለ። ከ«ፍቱን» ዘመን ጋር ሲነጻጸር ጥቅሙ ጉልህ ነው። ጸሐፊው በስሙ ይጠራል፤ ፈተናው በማን፣ በስንት ሰው ላይና እንዴት እንደ ተደረገ ይገለጻል፤ የተሳሳተውን ሌላው በደብዳቤ ያርመዋል። የጠፋው ቋንቋው ነው። በአማርኛ የተጻፈው የመድኃኒት ዕውቀትና በእንግሊዝኛ የሚጻፈው አንዱ ሌላውን ሳይጠቅስ ጎን ለጎን ኖረ።

ሌላ መንገድ የሚቻል እንደ ነበረ የምሥራቅ አፍሪካ ታሪክ ይመሰክራል። በዩጋንዳ የመንጎ ሆስፒታል መሥራች አልበርት ኩክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርታት፣ በሉጋንዳ የሕክምና ቃላትና የአነጋገር መጽሐፍ፣ በኋላም «አማገዚ አጎኩዛሊሳ» የተባለ ለአዋላጆች ማስተማሪያ የሚሆን መጽሐፍ አዘጋጅቷል። ርእሱ «የማዋለድ ዕውቀት» ማለት ነው። ኩክ ለባልንጀሮቹ ሐኪሞች በእንግሊዝኛ መጻፉን አላቆመም። ነገር ግን ማዋለዱን የምትፈጽመው አዋላጅ የምታነበው በራሷ ቋንቋ እንዲሆን አስቧል። የሕክምና ቃላት በሉጋንዳ የጽሑፍ ሥር የያዙት እንዲህ ባለ ሥራ ጭምር ነው።

በኢትዮጵያው መጽሔት ውስጥ ሁለቱ ዓለማት በአንድ ቃል የተገናኙበት ጊዜ አለ። በ1964 አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሐርዚያ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። በቀጣዩ ዓመት፣ እንዶድ ቀንድ አውጣን ስለ መግደሉ የሚያስረዳ የመጀመሪያ ዘገባውን በ«ኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት» አወጣ። በእንግሊዝኛው ርእስ ውስጥ «እንዶድ» የሚለው የአገሬው ስም ከሳይንሳዊው ስም በፊት ተቀምጧል። በ1989 አክሊሉ ከሥራ ባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብሏል። ሴቶቹ እንዶድ ቆሻሻ እንደሚያስለቅቅ ከትውልድ ወደ ትውልድ ፈትነው ያውቁ ነበር፤ ተመራማሪው በዚያ ላይ ሌላ ፈተና ጨመረ። ሁለቱን ፈተናዎች ያያያዘው የቃሉ ሳይተረጐም መቆየት ነው። ርእሱን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ ወዲያው ያውቃል።

6. ከቃሉ የተረፈው

በዛሬው አማርኛ «ፍቱን» በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ምስክርነት መሆኑ ቀርቷል። ሐኪሞች «በሙከራ የተረጋገጠ» ይላሉ። «ፍቱን መድኃኒት» ግን በማስታወቂያና በንግግር በዝቷል፤ ለሥራ አጥነት «ፍቱን መፍትሔ»፣ ለሙስና «ፍቱን መድኃኒት» ይባላል። ትርጉሙ ከ«የተፈተነ» ወደ «ውጤቱ የማያጠራጥር» ተሻግሯል። ድሮ አድራጊው ያልተጠራበት ቃል ዛሬ ድርጊቱንም አጥቷል። ማንም ሳይፈትነው ፍቱን የሚባል ነገር መኖሩ አሁን የተለመደ ነው። በዚህም የአንድ ሙያ ማኅበር መተማመኛ የነበረ ቃል የሻጭ ቃል ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ለአርታኢዎች፣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለዕፅዋት ስም ሰብሳቢዎች ሦስት ተግባራት ይወጣሉ። የመድኃኒት መጻሕፍትን የሚያሳትም ሰው «ፍቱን» የተጻፈበትንና ያልተጻፈበትን ቦታ፣ በዋናው እጅ ይሁን በኅዳግ በኋለኛ እጅ፣ ለይቶ መመዝገብ አለበት፤ ቃሉን እንደ ማሳረጊያ ልማድ ቆጥሮ የሚዘል እትም የባለሙያዎቹን ምስክርነት ይሰርዛል። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ሁለቱን ትርጉሞች በየዘመናቸው ማስቀመጥ ይገባዋል። የዕፅ ስም የሚሰበስብ ሰውም የተናጋሪውን ስም በፈቃዱ ከቃሉ ጋር መጻፍ ይኖርበታል።

ይህ የሚቻል መሆኑን «ዕፀ ደብዳቤ» ያሳያል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል በኩል በአማርኛ በታተመው በዚህ የባህል መድኃኒት መጽሐፍ፣ ገላሁን አባተ በደራሲነት፣ የዕፅዋት ሊቁ ሰብስቤ ደምሰው በአርታኢነት በየስማቸው ተጠቅሰዋል። የዕውቀቱ ባለቤት ተጠርቷል፤ ዕፁን የሚያውቅ ሌላ ባለሙያ ጽሑፉን ተመልክቶታል፤ ቋንቋውም የአንባቢው ቋንቋ ነው። በርእሱ ውስጥ ዕፅና ደብዳቤ ጎን ለጎን ቆመዋል። ደብዳቤ ደግሞ ላኪም ተቀባይም በስም የሚታወቁበት ጽሑፍ ነው።